የሰፈራችን ጤና ጣቢያ፦ ከጎንደር አንባቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የመጡት ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ ነው። የጸሐፊዎቹ ዕድሜና ኑሮ የተለያየ ቢሆንም የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው፤ በየሰፈሩ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ለነዋሪው ምን ሊያደርግ እንደሚገባው፣ ነዋሪውም በበኩሉ ጤና ጣቢያውን በምን መንገድ ሊደግፈው እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንና ቅሬታ የቀረበባቸውን ተቋማት ስም ትተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ለዓመታት ክትትላቸውን የሚያደርጉት በትልቅ ሆስፒታል ነበር፤ በቅርቡ ግን «ግፊትዎ ስለተስተካከለ ከእንግዲህ በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ይከታተሉ» ተብለው ወረቀት ተጽፎላቸው ተመለሱ። እናቴ «ከሐኪም አውርደው ለነርስ ሰጡኝ» ብለው አዝነዋል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና ከሆስፒታሉ ጋር በእርግጥ እኩል ነው ወይ? (ልጃቸው፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ እናትዎ ቅር መሰኘታቸው የሚያስገርም አይደለም። ታላቅ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ከሹመት እንደ መሻር ሆኖ ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ የተጻፈላቸው ወረቀት የሕመማቸውን መሻሻል የሚመሰክር እንጂ ክብራቸውን የሚቀንስ አይደለም።

የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት እርከኖች የተደራጀ ነው። በመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ በሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በሦስተኛው ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በመመዘኛው መሠረት አንድ የገጠር ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሕዝብ፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የከተማ ጤና ጣቢያ እስከ 40,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ በሦስተኛው እርከን ያለ ሆስፒታል ግን ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው። ስለዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደጃፍ የሚጠብቀው የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም። በመተማና በሁመራ እርሻ ላይ ውሎ በካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፍ ከባድ ሕመም) የተያዘው የጉልበት ሠራተኛ፣ ከሩቅ ወረዳ ምጥ ጸንቶባት በአምቡላንስ የምትመጣው እናት፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሕፃን ሁሉ እዚያው ናቸው። ግፊታቸው ተስተካክሎ መድኃኒት ለመውሰድ ብቻ የሚመጡ ሰዎች በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሲቆሙ ራሳቸውም ይንገላታሉ፣ ሐኪሙም ለከባዱ ሕመምተኛ የሚሰጠው ጊዜ ያጥርበታል።

ሕክምናው እኩል ነው ወይ ላሉት፣ ለሁሉም ሕመም እኩል አይደለም፤ ላልተወሳሰበ የደም ግፊት ግን እኩል ነው፣ አንዳንዴም ይሻላል ብለን እናምናለን። ይህ ሕመም ከሁሉ በላይ የሚፈልገው በየጊዜው መለካትን፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መዋጥን፣ ጨው መቀነስንና ሕመምተኛውን በመልክም በታሪክም የሚያውቅ ባለሙያን ነው። እነዚህ ደግሞ ከቤት በቀረበ ቦታ በቀላሉ ይገኛሉ። በሆስፒታል የታዘዘው አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በጤና ጣቢያም ያው አምሎዲፒን ነው። የሚያክማቸውም ሰው ነርስ ብቻ አይደለም፤ ጠቅላላ ሐኪም ወይም በዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል።

ስለ ጤና መኮንን ካነሣን፣ ጎንደሬ ሆኖ ይህን ሙያ ዝቅ አድርጎ ማየት ታሪክን መዘንጋት ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ማሠልጠን ጀመረ፤ ተማሪዎቹም በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ እየተገኙ ሥራውን ከሕዝቡ መካከል ሆነው ይማሩ ነበር። የዓለም መንግሥታት በካዛክስታኗ አልማ አታ ከተማ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን የጋራ መርሕ ያደረጉት ከዚያ 24 ዓመት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የዛሬዎቹም የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ።

አሁን ማድረግ ያለብዎ፣ ሆስፒታሉ የሰጠው ወረቀት ላይ የሕመሙ ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ እንዲሁም በምን ሁኔታ ወደ ሆስፒታል መመለስ እንዳለባቸው መጻፉን ማረጋገጥ ነው። አንዱ ከጎደለ ሄደው ያስጽፉ፤ ያለዚያ ጤና ጣቢያው ሥራውን ከዜሮ ለመጀመር ይገደዳል። ግፊታቸው መድኃኒት እየወሰዱ ከ140/90 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም የኩላሊት ምርመራ ውጤታቸው ከተዛባ ጤና ጣቢያው ራሱ ሪፈር ሊጽፍላቸው ይገባል። የደረት ውጋት፣ ድንገተኛ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን አካል መዛል ወይም የአንደበት መያዝ ከታየ ግን ወረቀት የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም፤ ድንገተኛ ሕመም ሪፈራል አይጠየቅበትምና በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ምራቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በአንድ ጤና ተቋም ገብታ ሳለ «ጓንትና መርፌ ገዝታችሁ አምጡ» ተባልን። ወሊድ በነጻ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ተሳስቼ ይሆን? (አያት፣ ከወለቃ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒትም እንዲሁ። የጤና መድን አባል መሆንም አይጠየቅበትም። ዕቃ ሲጎድል ቤተሰብን ገዝተህ አምጣ ማለት በብዙ ቦታ ተለምዷል፤ ልማድ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም። የገዛችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የተቋሙ ቦርድም ይህን የመሰለ አቤቱታ ካልደረሰው በጀቱ የት ላይ እንዳነሰ ሊያውቅ አይችልም። ለምራትዎ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልን።

ጥያቄ፦ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነኝ። በየዓመቱ መዋጮዬን ከፍዬ ደብተሬን አሳድሳለሁ። ሆኖም ጤና ጣቢያ በሄድሁ ቁጥር ከታዘዘልኝ መድኃኒት ግማሹ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» እባላለሁ። ጎረቤቶቼ «ባትከፍል ይሻልህ ነበር» ይሉኛል። ዘንድሮ ላሳድስ ወይስ ልተወው? (ጡረተኛ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ያሳድሱ። ይህን ስንል ግን ቅሬታዎን አቅልለን አይደለም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ለከፈለ ሰው «ታገሥ» ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ መድኃኒቱ ለምን እንደሚጠፋ ጠለቅ ብለን ብንገልጸው ይሻላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል።

ወደ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። እንደ ክትባት፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳና እንደ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያሉት በልዩ ፕሮግራም በነጻ ይቀርባሉ። የቀሩትን፣ ማለትም የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የጨጓራውንና የኢንፌክሽኑን መድኃኒት፣ ጤና ጣቢያው በራሱ ተዘዋዋሪ ገንዘብ (ከመድኃኒት ሽያጭ አግኝቶ መልሶ መድኃኒት በሚገዛበት) በአብዛኛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይገዛል። ጥያቄውን የሚልከው በየሁለት ወሩ ሲሆን፣ መጠኑን የሚያሰላው ባለፉት ሁለት ወራት ምን ያህል እንደወጣ አይቶ ነው። ከዚህ የምንረዳው ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ፤ አንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን አጥቶ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ዘልቆ ሲቀር፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ያ መድኃኒት ፈላጊ የሌለው ሆኖ ይታያል፣ የሚቀጥለውም ግዢ በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በየቀጠሮዎ ቀን መገኘትና የጎደለው በማዘዣው ላይ እንዲመዘገብ መጠየቅ ከጨዋነት ያለፈ ጥቅም አለው።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘቡ ዑደት ነው። አባል ሲታከም ጤና ጣቢያው ከኪሱ አያስከፍለውም፤ ሒሳቡን አጠራቅሞ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርብና ተመርምሮ ይከፈለዋል። ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል፤ የመድኃኒት ክፍሉ ባዶ መሆን የሚጀምረውም ያኔ ነው። ታዲያ ጥፋቱ ሁልጊዜ በመስኮቱ ወዲያ የቆመው የፋርማሲ ባለሙያ አይደለም፤ ነዋሪው ግን የሚያየው እርሱን ብቻ ስለሆነ የሚቆጣውም እርሱን ነው።

ሦስተኛው ጎረቤቶችዎን ይመለከታል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ ከእነርሱም አንዷ ሩቅ ሳትሆን ፎገራ ነበረች፤ ሐሳቡ ጤነኛውም ሕመምተኛውም በአንድነት አዋጥቶ የታመመው እንዲታከም ነው። ለመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ጤነኞቹ «ምን አሳመመኝ» ብለው ሲወጡና የዘወትር ሕመምተኞች ብቻ ሲቀሩ፣ ቋቱ በየዓመቱ ከሚገባው የሚወጣው ይበዛል፤ መድኃኒት መጥፋቱ ሰውን ያስወጣል፣ ሰው መውጣቱ ደግሞ መድኃኒቱን ያጠፋል። ጡረተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ የዓመቱ መዋጮ አንድ ጊዜ አልጋ ይዞ ቢታከም ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። መድኃኒት ሲጠፋ በማዘዣው ወረቀት ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም እንዲደረግበት ይጠይቁ፤ ማዘዣውንና የገዙበትን ደረሰኝ አያይዘው ያስቀምጡ። በቀበሌዎ ወደሚገኘው የመድን አስተባባሪ ሄደው ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት መኖሩን፣ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ዋጋ የሚተካበት አሠራርም እንዳለ ይጠይቁ፤ መልሱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከጎረቤት ሰምቶ መተው አይበቃም። ለሐኪሙም «በዚህ ቤት ካለው መድኃኒት ለእኔ የሚሆን ይኖር ይሆን?» ማለት ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ ይገኛል። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ጤና ጣቢያውን ዘልሎ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ አባል በመድኑ ሙሉ ተጠቃሚ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኔ በአራዳ ክፍለ ከተማ የአንድ ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ዕድራችን ጥቂት ተቀማጭ ገንዘብ አለው። በቅርቡ በስብሰባ ላይ «አባላችንን ሲሞት ከመቅበር አልፈን ሳይሞት እንርዳው» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ድጋፍ ለማድረግ ተስማማን። በምኑ ላይ ግን አልተግባባንም። ከፊሉ አልጋና ፍራሽ እንግዛ ይላል፤ ከፊሉ የምርመራ ማሽን፤ ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ግብር ከፍለናል» ብለው ተቆጥተዋል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ለተቆጡት አባላት መልስ እንስጥ፤ ቁጣቸው ሚዛን የሚደፋ ነውና። የባለሙያ ደመወዝ፣ መሠረታዊ መድኃኒትና ሕንፃ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሕዝብ የመንግሥትን ግዴታ በመዋጮ እየተካ ከሄደ በጀት መዳቢው መዘንጋቱን ልማድ ያደርገዋል። ስለዚህ የዕድር ገንዘብ መዋል ያለበት ጤና ጣቢያው በራሱ ሊደርስበት በማይችለው፣ ጎረቤት ግን በቀላሉ በሚደርስበት ነገር ላይ ነው። በዚህ መመዘኛ ስናየው ከአልጋውም ከማሽኑም የሚቀድሙ ጉዳዮች አሉ።

ከሁሉ የሚቀድመው የራሳችሁ አባላት መድን ነው። በዕድራችሁ ውስጥ መዋጮውን መክፈል ያቃታት ባልቴት፣ በመንግሥት የድሀ ድሀ መዝገብ ላይ ያልገባ የቀን ሠራተኛ መኖሩን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ለቅሶ ቤት በዞረ ቁጥር የሰውን ጓዳ የሚያይ ዕድር ነው። የእነዚህን ሰዎች የዓመት መዋጮ ዕድሩ ቢሸፍን ሰዎቹ ይታከማሉ፣ ገንዘቡም በመድኑ በኩል መልሶ ለዚያው ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ይህን ያህል ሁለት ወገን የሚጠቅም ሌላ ስጦታ ልናገኝ አልቻልንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን ጊዜ የሚጠይቅ ነው። ጤና ጣቢያ ከሕክምና የሚሰበስበውን ገቢ ለራሱ አገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀምበት የተፈቀደለት ሲሆን፣ ዕቅዱን የሚያጸድቀው የኅብረተሰብ ተወካዮች የሚገኙበት የአመራር ቦርድ ነው። በብዙ ቦታ ግን የሕዝቡ ተወካይ ማን እንደሆነ ሰፈርተኛው አያውቅም፤ ተወካዩም ከስብሰባ ይቀራል፣ ወይም ተገኝቶ ፈርሞ ይወጣል። እናንተ የቃለ ጉባኤ አያያዝ፣ የሒሳብ ምርመራና የገንዘብ ያዥ ቁጥጥር የለመዳችሁ ሰዎች ናችሁ። ተወካዩ ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ጋብዙት፣ ባለፈው በጀት ዓመት የውስጥ ገቢው ስንት እንደነበረና በምን ላይ እንደዋለ ያስረዳችሁ። ባለሙያዎቹ ይህን እንደ ጥርጣሬ እንዳይወስዱት በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቅን የጤና ጣቢያ ኃላፊ ግን የሚጠይቀው ሕዝብ ሲያገኝ ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚሟገትበት ጉልበት ስለሚሆነው ደስ ይለዋል።

ከቦርዱ ጋር የሚሄድ ሌላም አሠራር አለ፤ የማህበረሰብ የነጥብ መስጫ ካርድ ይባላል። ነዋሪዎች ተሰብስበው ጤና ጣቢያውን በስድስት ነገሮች ይመዝኑታል፦ ባለሙያዎቹ ሕመምተኛን የሚያስተናግዱበት አክብሮትና ርኅራኄ፣ ተራ የሚያስጠብቀው ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መሟላት፣ የውኃ፣ የመብራትና የክፍሎች ሁኔታ፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ እንዲሁም የግቢው ንጽሕና ናቸው። ነጥቡ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ኃላፊውም ለማሻሻል ዕቅድ ያወጣል። በእኛ አስተያየት ይህ ካርድ የሚጠቅመው ሁለት ሰዎች «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው ሲሞሉት ሳይሆን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ልጇን አዝላ በሩን ያንኳኳች እናት ስትሞላው ነው። ዕድራችሁ እንዲህ ያሉ ሴቶችን ወደ ስብሰባው ቢያመጣ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ውኃን እናስቀድማለን። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ የከተማው የውኃ አቅርቦት በፈረቃ ሲሆን የኖረ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ውኃ የሌለበት የማዋለጃ ክፍል ከአልጋ እጦት የባሰ አደጋ ነው፤ አዋላጇ እጇን ሳትታጠብ ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ማለፍ አትችልም። አንድ ትልቅ ሮቶ፣ የጣሪያውን ዝናብ የሚሰበስብ አሸንዳና ጥቂት ቧንቧ በዕድር አቅም የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከአባላት መካከል ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ጉልበቱን በነጻ ሊሰጥ ይችላል። ሌላው የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ የሚበላሸው የሰፈሩ ሕፃናት ክትባት ስለሆነ፣ ጤና ጣቢያው መጠባበቂያ ኃይል እንዳለውና እንደሚሠራ ጠይቁ።

የምርመራ ማሽኑን አንመክርም። ማሽን መግዛት ቀላል ነው፤ በየወሩ የሚፈልገው ኬሚካል፣ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ግን ከዕድር አቅም በላይ ነው። በየጤና ተቋሙ መጋዘን ውስጥ በበጎ ሐሳብ ተሰጥተው በአቧራ የተሸፈኑ ዕቃዎች የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው የሚፈልገውን በደብዳቤ ይግለጽላችሁ፤ ዕቃ ስታስረክቡ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥ፣ ጥሬ ገንዘብ ከሆነም የገቢ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትስጡ።

በመጨረሻ ገንዘብም ዕቃም የማይጠይቅ ነገር እንጨምርላችሁ። በወሊድ ጊዜ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው የደም መፍሰስ ነው፤ ጤና ጣቢያው እናቲቱን በሰዓቱ ቢልክ እንኳ ሆስፒታሉ ደም ከሌለው ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የዕድራችሁ ወጣቶች ከጎንደር ደም ባንክ ጋር ቀን ተቀጣጥረው በግቢያችሁ ቢለግሱ፣ ተቀማጫችሁን አንድ ብር ሳትነኩ የሠራችሁት ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በኪራይ ቤት የምኖር ወጣት ነኝ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እየመጣች ስለ ቤተሰባችን ትጠይቀኛለች፣ ትመዘግባለች። ባለቤቴ «ምን አገባት፣ በር አትክፈችላት» ይላል። እኔ ደግሞ አፍራለሁ። ምን ላድርግ? (የአንድ ልጅ እናት፣ ከሳሙና በር)

መልስ፦ እህታችን፣ በሩን ክፈቺላት፤ ቡናም ካፈላሽ አስቀምጫት። ይህ መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. በገጠር በአሥራ ስድስት የጤና እሽጎች ተጀምሮ ኋላ ለከተማ እንዲስማማ ተደርጎ ተስፋፋ፤ በከተማ የተሰማሩትም በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው። የምትመዘግበው ለወሬ አይደለም። በቤቱ ነፍሰ ጡር መኖሯን፣ ክትባት ያልጨረሰ ሕፃን መኖሩን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ የስኳር ወይም የግፊት ሕመምተኛ መኖሩን አውቃ ከጤና ጣቢያው ጋር ታገናኛችኋለች። ልጅሽ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ክትባት መውሰድ አለበት፤ ኪራይ ቤት ሲቀየር በጣም ከሚረሱት አንዱ ይኸው ነው። ካርዱን አሳዪአት። ባለቤትሽ የሚሰጋው የቤታችሁ ጉዳይ እንዳይወራ ከሆነ መታወቂያዋን መጠየቅና መልስ ለመስጠት የማትፈልጊውን ጥያቄ መተው መብትሽ ነው፤ የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅም የእርሷ ግዴታ ነው። የተሻለው ግን እርሱ ራሱ ቤት ባለበት ቀን ቀጥረሻት ጥያቄውን በቀጥታ ቢጠይቃት ነው፤ እግረ መንገዷንም ግፊቱን ትለካለታለች።

ጥያቄ፦ እኅቴ በደምቢያ ገጠር ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። መንገዱ በክረምት ይበላሻል፣ አንዳንዴም ሌሊት ተሽከርካሪ አይንቀሳቀስም። እኔ ጎንደር ሆኜ ምን ልረዳት እችላለሁ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ጊዜው አጭር ስለሆነ መልሳችንም አጭር ነው። በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ካለው፣ ምጥ ሳይጀምራት ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድማ ብትገባ መንገዱም ሌሊቱም አያስጨንቃትም። በማቆያው የሚበላው እህል፣ ቅቤና ማገዶ ብዙ ጊዜ ከሕዝቡ የሚሰበሰብ ነው፤ ገንፎውም እዚያው ይገነፋል። እኅትሽን ከመግባት የሚያግዳት ብዙውን ጊዜ በቤት የምትተዋቸው ልጆችና ከብቶች ጉዳይ ነውና፣ ማን እንደሚጠብቅላት ዛሬውኑ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሪ፤ ዕረፍት ካለሽ አንቺ ብትሄጂላት ከማንኛውም ገንዘብ ይበልጣል። ማቆያ ከሌለ የጤና ጣቢያውን ኃላፊና የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ባለቤቷም እርሷም እንዲይዙ አድርጊ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መኪና መግባት በማይችልበት ቦታ እስከ መንገዱ በቃሬዛ የሚሸከሟትን ሰዎች ባሏ አስቀድሞ ስም ጠርቶ ይስማማ። ደም ከታያት፣ ራስ ምታት ከዓይን መጋረድ ጋር ከያዛት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም የሽሉ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ምጥ እስኪመጣ አትጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ትነሣ።